የእትዬ ቋጠሮ ጓዳ

የሰፈሩ ሰው ጥፋቱን በእትዬ ቋጠሮ ምራት ላይ ነው የሚያላክከው። ሐሰት ነው! እሷ ያደረገችው ቢኖር ዕቃ መግዛትና ወረቀት መለጠፍ ነው። ግድግዳውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ መደርደሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ክሮቹን በቢላ የቆረጥኳቸውም እኔው ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከኔ ከባለቤቱ ስሙት። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ ጆሮዬ ለምዶታል።

አናጢ ነኝ። ሚስማር በከንፈሬ ነክሼ ስለምሠራ ይሁን ምላሴ ስለሚዋጋ፣ ጋሽ ሚስማር ይሉኛል። እትዬ ቋጠሮ ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፣ እሱም ዘሟል። ሠላሳ ዓመት ያህል ተጎራብተናል። ባሏ ሲሞት ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ አልጋ ላይ ስትውል አንሶላዋን በየቀኑ እየወሰደች ያጠበችው እሷ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን ሳታጨማድድ። ከዚህ የበለጠ ዝምድና ካለ ንገሩኝ።

ስሙ የወጣላት ሥራ ቦታ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። ያኔ አንሶላው የየትኛው ክፍል እንደሆነ በቀለም ይጻፍበት ነበር፤ ቀለሙ ግን ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ድራሹ ይጠፋል። የቀዶ ጥገናው አንሶላ ልጆቹ ክፍል ይሄዳል፣ የልጆቹ ወላዶቹ ጋ ይገኛል፤ ነርሶቹ ይጮኻሉ፣ አለቃው ይጮኻል። እሷ ምን አደረገች? መርፌና ክር አነሳችና በየአንሶላው ጫፍ ላይ ቋጠሮ አሰረችበት። ለቀዶ ጥገና አንድ፣ ለልጆች ሁለት፣ ለወላዶች ሦስት። ከዚያ ወዲያ ወሬ እያወራች፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ በጣቷ ብቻ እየዳሰሰች ትለየው ነበር። አለቃው መጀመሪያ ሳቀባት፣ ቆየና ዘዴውን የኔ ነው ብሎ ለበላዮቹ አወራ። አለቃ ምን ጊዜም አለቃ ነው።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ልብስ ማጠቡን ቤቷ ቀጠለች። የሕፃናት ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የአዳራሽ የጠረጴዛ ልብስ፤ ሌላ ሰው እጁን የሰጠበት እድፍ ሁሉ ወደሷ ይመጣል። ከወጥ ቤቷ ጀርባ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱ ልብስ ማጠቢያ፣ አንዱ ጓዳ። በጓዳው ያለ ከረጢት፣ በማጠቢያው ያለ ቆርቆሮ፣ ሁሉም አንገቱ ላይ ክር አለው፣ ክሩም ቋጠሮ አለው። ጨው አንድ፣ ስኳር ሁለት፣ ዱቄት ሦስት፤ የሳሙናው ዱቄት ደግሞ ወፍራም ክር። እኔ የሥራ አባዜ ነው ብዬ ነበር የተውኩት። እኔስ ብሆን ሰው ቤት ገብቼ በር ሳይ ማጠፊያውን ሳልነካ አልወጣም።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ክረምት መተላለፊያው ላይ በተቀመጠ የልብስ ከረጢት ተደናቅፋ የወደቀች ጊዜ ነው። ዳሌዋ ተጎዳ፣ አርባ ቀን ተኛች። አንድ ልጅ አላት፤ የመጋዘን ኃላፊ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ሁሉን ነገር በመደርደሪያና በቁጥር ካላየው እንቅልፍ አይወስደውም። እናቱ መነሳት ስትጀምር መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እኔም ክራንቿን እያጠበቅኩላት እዚያው ነበርኩ።

«እማዬ፣ ከሁለት አንዱን ምረጪ» አላት። «ወይ ይሄ የተዝረከረከ ዕቃ ሁሉ አንድ ቦታ ይግባና መተላለፊያው ነፃ ይሁን፤ ወይ ቤቱ ይከራይና ወደኛ ትመጫለሽ። አሁንስ በጎረቤት ተረፍሽ። ሌላ ጊዜ ብቻሽን አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ያነሳሻል?»

«እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» አለችው።

«እሱንማ ነው የምልሽ!»

አየችኝ። ማለቴ፣ እኔ ባለሁበት በኩል አንገቷን ዘወር አድርጋ በዓይኗ ጠርዝ ተመለከተችኝ። ዓመት ለሚሆን ጊዜ ሰውን በጎን ማየት ለምዳ ነበር፤ እኔ ኩራት ነው የመሰለኝ። «አንተ ሚስማር፣ ሁለቱን ክፍል አንድ ማድረግ ይቻላል?» አለችኝ።

እንዴት አይቻል! በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ምንም ያልተሸከመ ስስ ነገር ነው። እሱን አንስቶ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ጥግ ላይ አስጠግቶ፣ በላዩ ልብስ ማጠፊያ ጠረጴዛ መዘርጋት፤ ግራና ቀኝ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፤ ከጣሪያው ደግሞ በገመድ የሚወርድ የልብስ ማድረቂያ። ወረቀት ላይ ስዬ ሳሳየው ልጅየው ደስ አለው። «በቃ ጋሼ፣ ይሄ ካማረና እማዬም ከተመቻት፣ የማከራየቱን ነገር እተወዋለሁ» አለኝ። እንግዲህ የቤቷ ዕጣ በኔ እጅ ወደቀ ማለት ነው።

እትዬ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የሚፈርሰውን አፍርስ፣ የሚሠራውን ሥራ። ዕቃዬን ግን እኔ ነኝ የምደረድረው። አንዲት ነገር እንዳትነኩብኝ፣ ሰማህ?»

ሰምቻለሁ። ሰምቼም ነው እንግዲህ ያጠፋሁት።

አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሕይወቴ ብዙ ሠርቻለሁ፣ እንደዚያ ግን አምሮልኝ አያውቅም። መደርደሪያው በውሃ ልክ ሲለካ ዝንፍ አይልም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እትዬ ለዳሌዋ ክትትል ሐኪም ቤት ሄደች። ወዲያው ምራቷ ሃያ አራት የፕላስቲክ ጣሳ ተሸክማ ከች አለች። ሁሉም አንድ ልክ፣ ሁሉም ነጭ ክዳን። የየዕቃውንም ስም ወረቀት ላይ በሚያምር ፊደል ጽፋ አዘጋጅታለች።

«ጋሼ፣ እማማ ሳይመለሱ ሁሉን ጨርሰን ድንገት እናስደስታቸው!»

እትዬ ያለችኝ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል። ግን መደርደሪያዬ ሞልቶ ላየው ጓጓሁ፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ምራቲቱ ትገለብጣለች፣ እኔ የየከረጢቱንና የየቆርቆሮውን የአንገት ክር በቢላዬ እየበጠስኩ አቀብላለሁ። ስም ተጽፎ እያለ ክር ምን ያደርጋል? ወለሉ በክር ተሞላ። ጠርጌ ከነቆሻሻው ጣልኩት። ከዚያ በሩ ላይ ቆመን አየነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መድኃኒት ቤት ነበር የሚመስለው።

እትዬ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። አንገቷን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘወር አደረገች። እጇን ዘርግታ አንዱን ጣሳ ዳሰሰች፤ ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሁሉም ያው ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ክሮቹስ?» አለች።

«ጣልናቸው እማማ!» አለች ምራቲቱ እየሳቀች። «አሁንማ ስማቸው በትልቁ ተጽፎባቸዋል!»

«አዎ… ተጽፎባቸዋል። ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ድምፅዋ ደረቅ ነበር። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ በልቼ «እሰይ» እንኳ ትነፍገኝ? ሳልሰናበታት ወጣሁ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት፤ በአጥሩ በኩል ስታልፍ እየሰማሁ መላጊያዬን ጮክ አድርጌ ገፋሁ። ሽማግሌ ሲያኮርፍ ከልጅ ይብሳል።

በአራተኛው ቀን የአንዱ በር ማጠፊያ መጥበቅ ነበረበትና ኩርፊያዬን ይዤ ገባሁ። እትዬ አዲሱ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አራቱንም ጣሳ አውርዳ ክዳናቸውን ከፍታ፣ አንድ ባንድ አፍንጫዋን እየደቀነችባቸው ነው።

«እትዬ፣ ምን ጠፋብሽ?»

ክው አለች። «ስኳር… ስኳር ፈልጌ ነው።»

ስኳሩ ጉልበቷ ሥር ነው ያለው። ጽሑፉ የሱቅ ታፔላ ያህላል። «እፊትሽ አይደለም እንዴ!» አልኳት። እጇን ዘረጋችና የሳሙናውን ጣሳ ያዘች።

ያኔ ገባኝ። መዶሻዬን አስቀምጬ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ልትክድ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ተወችው። «ዓመት ከመንፈቅ። መሃል መሃሉ ነው የጠፋው። ዳር ዳሩን አያለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ሰው መምጣቱንም አውቃለሁ። አንተን አሁን ሳይህ ጆሮህና ትከሻህ አለ፣ ፊትህ የለም። ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል።»

«ፊቴን ባታዪ ምንም አልተጎዳሽም» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። እትዬ ስታለቅስ ያየሁት ባሏ የሞተ ቀን ብቻ ነው።

«ክሮቼ ዓይኖቼ ነበሩ» አለች። «በነሱ ነበር ማንም ሳያውቅብኝ የኖርኩት። ምራቴ ምን ታድርግ፣ ምን ታውቃለች ብለህ ነው። ቢጠፉ ቢጠፉ ደግሞ አፍንጫዬ አለ ብዬ ነበር። ድሮ ጓዳው የጓዳ ሽታ ነበረው፣ ማጠቢያው የማጠቢያ። ዛሬ ዱቄቱም ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ስኳሩም ሳሙና ሳሙና ይላል። ሁሉ ነገር አንድ ሆነብኝ፣ ሚስማር።»

ክሩን የቆረጠው ምራትሽ ሳትሆን እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፌ እስኪከፈት ሌላ ነገር አነሳች።

«ለልጄ እንዳትነግር!» ክንዴን ጨመቀችኝ። ያ የልብስ መጭመቅ ጉልበቷ አሁንም አለ። «እንዳላይ ካወቀ በማግስቱ ነው የሚወስደኝ። ደግ ነው፣ ያከብረኛል፤ ግን ወንበር ላይ አስቀምጦ ነው የሚያከብረኝ። እኔ እዚህ እሠራለሁ፣ ሰው ይፈልገኛል። እዚያ ምን ልሆን ነው? ማልልኝ!»

በሟች ሚስቴ ማልኩላት።

ልጅየው እሁድ ከነቤተሰቡ ለምሳ ሊመጣ ነው። ክፍሉን አይቶ፣ እናቱ እንዴት እንደምትሠራበት አይቶ ሊወስን። «ታዲያ ዛሬውኑ ክር እናስራ» አልኳት። እምቢ አለች። «ምራቴ ካየች ስም ተጽፎ እያለ ክር ለምን ትላለች። ልጄ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ነገሩን ይደርስበታል። እሁድ ትለፍ፣ ከዚያ በኋላ እናስራለን።»

ስለዚህ በቃሏ መያዝ ነበረባት። ምግቡን ሁሉ በግራ በኩል ትከሻዋ እኩል ያለው መደርደሪያ ላይ አደረግን፤ የማጠቢያውን ነገር ሁሉ በቀኝ በኩል ዝቅ ካለው ላይ፣ ጎንበስ ሲሉ ለማሽኑ እንዲቀርብ። እጇን በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ እያስሄደች ትቆጥራለች፤ አንድ ዱቄት፣ ሁለት ስኳር፣ ሦስት ጨው፣ አራት ምስር። በመጀመሪያው ቀን ስኳርና ጨው ተምታቱባት፣ ጣሳውን ወርውራ ሰደበችኝ። በሁለተኛው ቀን ስድስት ላይ ጠፋባት። ቅዳሜ ግን ከበሩ ጀምሮ እየጠራሁላት አንድም ሳትስት አመጣችልኝ። «ዱቄት!» እላለሁ፣ ዱቄት ይመጣል። «በርበሬ!» በርበሬ ይመጣል። በመጨረሻ «ባል!» አልኳት። «እሱን ከየትኛውም መደርደሪያ ላይ አልፈልግም» አለችኝ። እንደዚያ ስቀን ተለያየን።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ና ተብዬ ነበር፤ ሸሚዝ ስተኩስ ትንሽ ዘገየሁ። ስደርስ እነሱ ጠዋት ነው አሉ የመጡት። ልጅየው ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፣ ፊቱ በርቷል።

«ጋሼ፣ ይምጡ ይግቡ! እጅ ነስቻለሁ፣ በጣም ነው ያማረው። እኔ መጋዘን እንኳ እንዲህ ያለ የለኝም። እማዬም እንደ ድሮዋ ሽር ጉድ ስትል ነው ያየኋት። እንግዲህ አሸነፈችኝ። ከምሳ በኋላ ደላላው ጋ ደውዬ ቤቱ አይከራይም እለዋለሁ።»

ደስታዬ ወሰን አጣ! እትዬ ምድጃው ጋ ሆና ሰማችው፤ ጀርባዋ ቀና ሲል ይታየኛል። ሾርባው እየፈላ ነው። አምስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጇ እግሯ ሥር ትሽከረከራለች። «ጨው ብቻ ነው የቀረው» አለች እትዬ፣ ማንኪያዋን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የጨለፈችውን ይዛ ወጣች፣ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው፣ አማሰለችው። እኔ ደግሞ በኩራት ሥራዬን ለማየት አንገቴን በበሩ አስገባሁ።

በግራ በኩል፣ ትከሻ እኩል ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ሦስተኛው ጣሳ። ክዳኑ ተከፍቷል። «እድፍ ማስለቀቂያ» ይላል።

በቀኝ በኩል ወዳለው ዝቅተኛ መደርደሪያ ዞርኩ። ዱቄት። ስኳር። ጨው።

«ውይ ጋሼ፣ ጠዋት እኔ ነኝ ያቀያየርኩት» አለች ምራቲቱ ከኋላዬ። «መርዙ ሁሉ የልጅቷ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነበር እኮ። አሁን ከፍ አድርጌዋለሁ። ለእማማም ትንሽ አስተካክዬዋለሁ ብያቸዋለሁ።»

ልክ ናት! የልጅ እናት ናት፣ እኔም ብሆን የማደርገው ነው። ጽሑፉ ተለጥፎ እያለ ማን ይሳሳታል ብላ ታስብ? ያ ዱቄት ደግሞ ነጭ ነው፣ የደቀቀ ነው፣ ከጨው አይለይም። የእትዬን ጣት ሠላሳ ዓመት በረኪና በልቶታል፤ ቋጠሮ ይለያል እንጂ እንዲህ የላመ ነገር አይለይም።

ዞሬ ወጥ ቤት ገባሁ። «እትዬ» አልኩ ዝቅ ብዬ። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ…»

«ተቀመጥ አንተ፣ አታጣድፈኝ» አለችኝ፤ ደስታ ያዘላት ድምፅ ነው። ልጇ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ያየናል። ምን ልበል? ድስቱ ውስጥ የጨመርሽው መርዝ ነው ካልኩ እንዴት ሳታይ ጨመረች ይላል፤ ያኔ አለቀ። አንድ ሰበብ፣ አንድ ውሸት ስፈልግ እትዬ በማንኪያው ከሾርባው ቀዳች፣ እፍ እፍ አለችበት።

እሷ ጨው በሐኪም የተከለከለች ናት፤ የጨው ቀማሽነት ሹመት የልጅ ልጇ ነው። እኔ ረስቼዋለሁ።

«ነይ የኔ እናት፣ ቅመሺልኝ።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ማንኪያውን በጥፊ መታሁት፤ በረረና ከግድግዳው ተላተመ። የእጄ ጫፍ የልጅቷን ጉንጭ ነካት። ጩኸቷን አቀለጠችው።

ልጅየው ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። አንገቴን አንቆ ከግድግዳው አጣበቀኝ። ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። «አንተ! ልጄን ትመታለህ? ምን ነክቶህ ነው አንተ ሽማግሌ?»

«ዝንብ…» አልኩ። «ዝንብ ገብታበት…»

«ለዝንብ ብለህ ሕፃን ትመታለህ? ውጣ! ሁለተኛ እዚህ ግቢ እግርህ እንዳይረግጥ!»

ወደ በሩ ገፈተረኝ። እኔም ልወጣ ነበር፤ በሟች ሚስቴ ምያለሁ። ግን ድስቱ እሳቱ ላይ ነው። እኔ ብወጣ ቁጭ ብለው ይበሉታል። እንደ እብድ ተመለስኩና ድስቱን በክርኔ ገፋሁት። የፈላው ሾርባ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹም ጫማዬ ውስጥ ገባ። ምራቲቱ ልጇን አቅፋ «አብዷል!» ብላ ጮኸች። ልጅየው እንደገና አንገቴን አንቆ ጡጫውን አነሳ።

እትዬ ግን ድስት እንድደፋ ያደረገኝን ነገር ስታስብ ነበር መሰለኝ። ጎንበስ አለች፣ ስትጨምር ምድጃው ጠርዝ ላይ የተራገፈውን ብናኝ በጣቷ ዳሰሰች፣ ምላሷ ጫፍ ላይ አደረገችው። ተፋችው።

«ልቀቀው ልጄ» አለች። «ዝንብ የለም።»

«እማዬ አንቺ አትግቢ…»

«ልቀቀው አልኩህ! ሾርባው ውስጥ እድፍ ማስለቀቂያ ጨምሬበታለሁ። ልጅህን ያተረፈልህ እሱ ነው።»

«እንዴት ትጨምሪያለሽ? ስሙ ተጽፎበት የለም እንዴ?»

«አላይማ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አላይም ልጄ። ፊትህን ካየሁት ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል።»

እጁ ከአንገቴ ላይ ወረደ። ምራቲቱ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያቀያየርኩት» እያለች ፊቷን ሸፈነች። ልጅየው እናቱ ፊት ቆመ፤ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አለ፣ የምታየው በየት በኩል እንደሆነ ሲፈልግ። ከዚያ ሾርባው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እኔ አሁን ይወስዳታል ብዬ ስጠብቅ ያላሰብኩትን ተናገረ። «እማዬ፣ እሺ። እዚሁ ኑሪ። ክሩን እናስረዋለን፣ እኔ ራሴ አስረዋለሁ። አብራሽ የምትሆን ሰው እንፈልጋለን። ሐኪም እንለውጣለን። ከቤትሽ አትወጪም።»

ሠላሳ ዓመት የማውቃት እትዬ ይሄን ስትሰማ ትዘላለች ብዬ ነበር። የፈለገችው ይኸው ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ያጠናነው ለዚህ ነው። እሷ ግን የልጅ ልጇን ለቅሶ ነበር የምትሰማው። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ትንሰቀሰቃለች።

«አይሆንም» አለች። «አፏ ድረስ አድርሼው ነበር።»

«እማዬ አላወቅሽም እኮ…»

«አለማወቄን አውቄ አይደል የደበቅኩህ? አይሆንም ልጄ። ልብሴን አዘጋጁልኝ።»

ለመንናት። እኔም ለመንኳት፣ እግሬ ተልጦ እያቃጠለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እሳት አልነካችም። ቅዳሜ በልጇ መኪና ሄደች። በሩ ላይ ስንሰናበት እጄን ይዛ፣ «ማልክልኝ፣ ቃልህንም ጠበቅክ፤ ስትደበደብ እንኳ አልተናገርክም» አለችኝ። ምነው በዚያው ቀን ለልጅሽ ነግሬው በነበር፣ ምነው ክሩን ባልቆረጥኩት ልላት ነበር። መኪናው ተነሳ። አሁን እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። መስኮት አጠገብ ወንበር አድርገውላታል። ምራቷ እግሯን ታጥባታለች፣ ልጅቷ አጠገቧ ትተኛለች፤ የጎደለባት ነገር የለም። ወጥ ቤት ግን ራሷ አትገባም። አንድ ቀን የታጠበ ካልሲ ጉልበቷ ላይ ከምራ ጥንድ ጥንዱን ስትፈልግ አገኘኋት። ምራቷ አንዴ አጥፋ ጨርሳዋለች፤ እትዬ እንድትሠራው ብላ መልሳ የበተነችው እንደሆነ ሹክ አለችኝ። ቤቴ ስደርስ እራት አልበላሁም።

ቤቱ ባዶ የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። የተከራዩት ባልና ሚስት ሦስት ልጆች አሏቸው። ባለፈው ሳምንት የልብስ ማድረቂያው ገመድ ላልቶ ጠሩኝና ገባሁ። ሴትዮዋ መደርደሪያውን እጇን እያሳለፈችበት፣ ስንት ቤት አይተው እንዳልወደዱ፣ ማጠቢያውና ጓዳው እንዲህ አንድ ላይ ሆኖ ሲያዩት ግን እዚያው በሩ ላይ እንደወሰኑ አጫወተችኝ።

«እውነት ቤቱን የወሰድነው ለዚህች ክፍል ብለን ነው» አለች። «ማን እንደሠራት አላውቅም እንጂ፣ እጁ ይባረክ!»

ገመዱን አጠበቅኩላት። አሜን አልኩና ወጣሁ። ሚስማሬን እንኳ ከአፌ ሳላወጣ በአጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።